ያንን ክሬም አትቀቢ

ለምሳሳልሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እንቅልፍሽ፣ ምግብሽ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? የእማዬ ጉልበት ተሻላት ወይ? አባዬስ ያ ሳል ለቀቀው? ወንድማችን ደብተር መያዝ ጀመረ ወይስ አሁንም ኳስ ብቻ ነው? ስለ እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንደ ወጉ ብጽፍልሽ ውሸት ይሆንብኛል። ስልክሽ አራት ቀን ሙሉ ዝግ ነው፣ ልቤ ተሰቅሏል። ነገ ጠዋት ወደ እናንተ የሚመጣ ሾፌር ስላገኘሁ ነው እንዲህ እየተጣደፍኩ የምጽፈው።

ሌላውን ከማንበብሽ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። ባለፈው ወር የላኩልሽን ነጭ ክሬም መቀባት አቁሚ። ዛሬውኑ አቁሚ። ለእማዬም አታካፍያት።

አስተማሪ ሆኜ ተማሪዎች ፊት ብጉር ይዤ እንዴት እቆማለሁ ብለሽ ስትጨነቂ፣ የፀጉር ቤታችን ደንበኞች ሲያወድሱት የሰማሁትን ክሬም ሁለት ገዝቼ አንዱን ለአንቺ፣ አንዱን ለራሴ አደረግኩ። ሁለት ሳምንት እንደ ልቤ ሆነልኝ። በሦስተኛው ጉንጬን ያሳክከኝ ጀመር፣ ወዲያው ደግሞ ጥቃቅን ሽፍታ ወጣብኝ። እዚህ አብራን የምትሠራ፣ የማታውቀው በሽታ ስለሌለ ፕሮፌሰር የምንላት ጥፍር ሠሪ አለች። አየት አደረገችኝና ብጉር ነው፣ ክሬሙ የውስጥ ቆሻሻሽን እያወጣልሽ ነው፣ እንዳታቋርጪው አለችኝ። እኔ ሞኟ በቀን ሁለቴ የነበረውን ሦስቴ አደረግኩት፤ አልበቃ ብሎኝ በሻካራ ፎጣ ፈተግኩት።

በአምስተኛው ቀን ስነቃ የዓይኔ ቆብ አብጦ አልገለጥ አለኝ። እንደዚያው ሆኜ ሥራ ገባሁ። ፀጉሯን ላጥብ የቀረብኳት ደንበኛ ፊቴን አይታ ከወንበሯ ብድግ አለች። የቤቱ ባለቤት ክፉ ሰው አይደለችም፣ ግን ወደ ጓሮ ሂጂና ፎጣ እጠቢ አለችኝ። እያለቀስኩ አጠብኩ። በማግስቱ ራሷ የፀጉር ቤቱ ባለቤት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ።

ሐኪሟ ፊቴን ካየችው ይልቅ የጠየቀችኝ ይበዛል። ያሳክካል ወይስ ያቃጥላል? እንደተቀባሽ ነው ወይስ ቆይቶ? ብጉር ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው አለችኝ፤ ጫፉ ነጭ ወይም ጥቁር ይሆናል፣ ቢያምም ብዙ አያሳክክም። ክሬም በርትቶበት የተቆጣ ቆዳ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንደተቀቡት ያቃጥላል፣ ይደርቃል፣ ይላጣል፣ ከተቀባበት ቦታም እምብዛም አያልፍም። አለርጂ ሲሆን ግን ማሳከኩ ይብሳል። በሰዓታት ወይም በቀናት ዘግይቶ ይመጣል፣ ሳምንታት ተስማምቶሽ የከረመ ነገር እንኳ ሊያመጣው ይችላል፣ ወደ ዓይን ቆብና ወደ አንገትም ይዘልቃል። እሷም ብትሆን በዓይን ብቻ አላመነችም። ክሬሙ ውስጥ ያሉትን ነገሮች በትናንሽ ፕላስተር ጀርባዬ ላይ ለጥፋ፣ የትኛው እንደሚያስቆጣኝ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን አየችው። ያልተስማማኝ የክሬሙ ሽቶ ሆኖ ተገኘ።

እህቴም ትቀባዋለች ስላት፣ አንቺን ነካሽ ማለት እሷንም ይነካታል ማለት አይደለም አለችኝ። ለእሷ ያልነገርኳትን ግን አንቺ ታውቂዋለሽ። የዛሬ አሥር ቀን ስንደዋወል ፊቴን ያሳክከኛል፣ ዓይኔም ከብዶኛል አልሽኝ። እኔም ቻይው፣ እየሠራልሽ ነው፣ ጨምሪበት አልኩሽ። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው ኖሮ። ከዚያ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም።

እንግዲህ ፊትሽን በንጹህ ውኃ ብቻ ለቅለቅ አድርጊው፣ አትፈትጊው። ጎረቤት የሚያዝልሽን ሎሚም ቅባትም ተይው። ክሬሙን ከነዕቃው ይዘሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን ያንብቡት። ከንፈርሽ ወይም ምላስሽ ካበጠ፣ ትንፋሽም ካጠረሽ ግን ነገ አትበይ፣ አባዬን ቀስቅሰሽ በዚያው ሰዓት ሂዱ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ይህን ደብዳቤ አታንብቢላት፣ ትደነግጣለች። አባዬን ሳሉን ችላ እንዳይል ንገሪልኝ። ወንድማችንን ጆሮውን ቆንጥጠሽ ሳሚልኝ። ሾፌሩ ከነገ ወዲያ ይመለሳል፤ አንዲት መስመርም ብትሆን ጽፈሽ ስጪው፣ አብጦም ከሆነ አብጧል በይኝ።

ከልጅነትሽ ጀምሮ ያልኩሽን ሁሉ ለምን ሳትይ የምታደርጊ ልጅ ነሽ፤ በዚህም ለሰው ሁሉ ስኮራብሽ ኖሬያለሁ። አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው እሺታሽ ነው። ምነው ያን ቀን ሳትሰሚኝ ቀርተሽ በሆነ።

የምትወድሽ ታላቅ እህትሽ
ከፀጉር ቤቱ ጓሮ፣ ኅዳር ፬ ቀን