ሳትድን መታከም ስለተከለከለችው ልጄ

ለተከበሩ የሕፃናት ማገገሚያ ማዕከላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ አንገሽግሾኝ ካልሆነ በቀር ደህና ነኝ። ልብስ ሰፊ በመሆኔ ከመርፌ በቀር ብዕር ብዙም ስለማልይዝ፣ በአጻጻፌ ጉድለት ቢያገኙ በትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ልጄን እንደሚያስታውሷት አምናለሁ፤ የነከሰችዎት ናት። ገና አራት ዓመቷ ነው። ቆዳዋም ጆሮዋም ከእኛ አብልጦ ይሰማዋል፤ ኮሌታ ውስጥ የምትሰፋው የፋብሪካ ምልክት እንደ እሾህ ትወጋታለች፣ ወንበር ሲጎተት ትጮኻለች። ልብሷን ሁሉ ስፌቱን ወደ ውጭ አድርጌ የምሰፋላትም ለዚህ ነው። በማዕከልዎ ያለችው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ፣ ቃሉ ከአፏ ስለማይጠፋ እኛ እናቶች «ቀስ በቀስ» የምንላት፣ በዥዋዥዌና በደረቅ ባቄላ ገንዳ እያጫወተች መንካትንና መነካትን ስታለማምዳት ከረመች። መጀመሪያ አንድ ጣቷን ብቻ ነበር ባቄላው ውስጥ የምትከተው፣ እያደር እስከ ክርኗ ገባች። አንድ ቀን ማበጠሪያውን ራሷ አምጥታ ጭኔ ላይ ተቀመጠች። እሷ ሳታለቅስ ጸጉሯን አበጠርኩ፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ እንግዶች ሊጎበኙን ነው ተባለ። ስለዚህ የሚከተሉትን ምስጋናዎቼን በቅደም ተከተል ላቅርብ፦

1. ገንዳውን «ይኼ የእህል መጋዘን አይደለም» ብለው አስደፍተው በቦታው የፕላስቲክ አበባ ስላስቀመጡልን እግዜር ይስጥልኝ። አበባው ላይ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። መንካትን ሊለምዱ ለሚመጡ ልጆች ከዚህ የተሻለ አቀባበል ከየት ይገኛል?

2. ዥዋዥዌው እንዳይቆሽሽ እንደ አዲስ ሶፋ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጣሪያው ሥር ታስሯል። ንጽሕናው ያስቀናል።

3. ድምፅ ለሚያስጨንቃቸው ሕፃናት፣ ያውም በዚያች ጠባብ ክፍል፣ የድምፅ ማጉያ አስመጥተው ስለ ርኅራኄ ረጅም ንግግር ስላደረጉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ልጄ ጆሮዋን ይዛ ጠረጴዛ ሥር ስትገባ፣ ባለሙያዋ «ቀስ በቀስ» እንዲተዉአት ብትለምንዎትም፣ እንግዶቹን እንድትጨብጥ ክንዷን ጎትተው አወጧት። ነከሰችዎት። እርስዎም በዚያው ማጉያ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ይቺ ቤቷ ያልተቀጣች ናት!» አሉ። ቆሽቴ ያረረው ያኔ ነው፤ እስካሁንም አልበረደም።

4. በማግስቱ «ጸባይዋን እስክታስተካክል» ወደ ማዕከሉ እንዳትገባ ወሰኑ። ልጄ የመጣችው ይህንኑ ልትታከም መስሎኝ ነበር። እንግዲህ እግሩ የተሰበረም ሰው መጀመሪያ ሮጦ ያሳይና ጀሶው ከዚያ ይታሰርለት።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ማበጠሪያ ስታይ አልጋ ሥር ትገባለች። ጸጉሯ ተቋጥሮ አልፈታ ስላለኝ፣ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሲወስዳት ጠብቄ፣ ጨርቅ በምቆርጥበት መቀስ እንደ ሌባ ሸለትኳት። ነቅታ ጭንቅላቷን ስትዳስስ ያየችኝን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም። ክቡርነትዎ፣ ተጸይፌዎታለሁ። ይህን በጨዋ አማርኛ የምልበት መንገድ ብፈልግ አጣሁ።

ልመናዬ አጭር ነው፤ ልጄን ያስገቡልኝ፣ ዥዋዥዌውንም ያስፈቱ። ባቄላውን እኛ እናቶች ከየቤታችን እናመጣለን። ለእርስዎ የሚቀርልዎ ሥራ ከበሩ ላይ ዞር ማለት ብቻ ነው።

ለክቡርነትዎ ከምድር እስከ ሰማይ የሚደርስ አክብሮት ሊኖራት እየተገባ፣ ከየትም ፈልጋ ያጣች፣

የነካሿ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጉብኝቱ ትልቅ ፎቶግራፍ መግቢያው ላይ መሰቀሉን አይቻለሁ። እርስዎና እንግዶችዎ ፈገግ ብላችኋል፤ ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ ሁለት ትንንሽ እግሮች ይታያሉ። ፎቶውን ያበላሻል ብለው እንዳያስቆርጡት አደራ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሊታከም የመጣው ያ እግር ብቻ ነው።