ጆሮህ እንዴት አደረ?

ኅዳር 14
ምንዋጋው፣ ስልክህ ዛሬም ጠየቀህ። «እንደምን አደርክ? ጆሮህ እንዴት አደረ? ትኩሳት ወይም ራስ ምታት አለህ?» ከተቀበርክ ዘጠኝ ቀንህ። የነገረው የለም መሰለኝ...
ትምህርት ቤት ዋልኩ። ሒሳብ ነበረን። ምንም አልገባኝም።

ኅዳር 15
ዛሬም ልክ በአንድ ሰዓት ጻፈ። ጆሮህን ቀዶ ያከመህ ሆስፒታል ነው ስልክህ ላይ የጫነልህ። «እስክትድን ይከታተልሃል» ብለው። ሰው አይደለም፤ ራሱ የሚጽፍ ማሽን ነው። አንተ ወደድከው። «ከወንድሜ ይሻላል፣ አይጨቀጭቅም» እያልክ ሳቅክብኝ። እኔ ያኔም አላመንኩትም። ምን ብሎህ ይሆን? ተኛ፣ ያልፍልሃል ብሎህ?
አባባ ከዝቋላ መጥተው እኔ ጋ ናቸው። ስልኩን በፊቱ ደፉት። «እናት ያልወለደችው ምን ሐኪም ይሆናል?»

ኅዳር 17
ሁሉንም አነበብኩት። ስህተቱን ፈለግሁ። «ውሃ አታስነካው።» ልክ ነው። «ትኩሳት ካለህ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂድ።» ይህም ልክ ነው። አንተ ግን በየጠዋቱ አንድ መልስ፦ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ኅዳር 1 ብርድ ልብስ ደርበህ ስትንቀጠቀጥ እንኳ፦ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»
እሱም፦ «በጣም ደስ ይላል! በርታ!»
ደስ ይላል?!

ኅዳር 18
ለአባባ አነበብኩላቸው።
«ሰው ሲጠየቅ መጀመሪያ ደህና ነው የሚለው። አመመኝ የሚለው ሦስተኛው ላይ ነው። ይኼ አንዴ ጠይቆ ይሄዳል።»
ማሽኑን ልረግመው ነበር... ግን ያን የኅዳር 1 ጠዋት ፈተና ነበረኝ። በር ላይ ቆሜ «እንዴት አደርክ?» አልኩህ። «ደህና» አልክ። ሄድኩ።
እኔስ ስንቴ ጠየቅሁህ?

ኅዳር 20
አባባ ማሽላው እንዳይረግፍ ብለው ከቀትር በኋላ ወደ ዝቋላ ሄዱ። የበሩን ነገር ነገርኳቸው። «ተው የሻምበል፣ ልጅ ነህ» አሉኝ። ዓይኔን ግን አላዩም።
ለማሽኑ «ሞቷል» ብዬ ጻፍኩለት። አዘንኩ አለ። «አንተስ እንዴት ነህ?» ብሎ ጠየቀ። ምን አገባው? አልመለስኩለትም።

ኅዳር 21
ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያ ጠዋት። ፊቴን ታጠብኩ። ቁርስ አልበላሁም። ስወጣ አከራያችን እትዬ ባንቺ ውሃ ቀድተው ሲመጡ ተገናኘን።
«እንዴት አደርክ የሻምበል?»
«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»
«ብርዱስ?»
«ደህና።»
አለፉኝ።
«እትዬ ባንቺ...»
«አቤት?»
«ደህና አላደርኩም።»
ጀሪካኑን አወረዱ። ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አመለጠኝ።