ጥዶቹን እሳት የበላቸው ዕለት

ውዴ ጌታሁን፣

እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጠይቅህ መልስ አላገኝም። እኛ አለን። ከቀበርንህ ወዲህ ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። ልጽፍልህ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ተነሥቻለሁ፤ ዛሬ ግን ይህን ነገር ካንተ ሌላ የምነግረው ሰው አጣሁ።

ቤታችን ያው ቡልቡላ ኮንዶሚኒየሙ ነው። ውሃው አሁንም በፈረቃ ነው። ሶስና ልጅህ በቁመት በልጣኛለች፤ አንተ ታስተምርባቸው የነበሩትን የባዮሎጂ መጻሕፍት ወደ መኝታዋ ወስዳቸዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳገቱን ትወጣበት የነበረው ጫማህ በረንዳው ላይ ነው። ማንሳት አቃተኝ።

ጌቾ፣ ከኮተቤ በላይ ያለው ዳገት ተቃጠለ።

የካቲት ላይ ነው። መገናኛ ሱቄ ውስጥ ለደንበኛ ጨርቅ ስለካ አዴ ጫልቱ ደወሉ። ባሕር ዛፋቸውን አስነቅለው የአገር ዛፍ ትከል ብለው መጀመሪያ መሬት የሰጡህ እሳቸው አይደሉ? «እሳት ገባ፣ ድረሺልን» ብለው ዘጉት። ታክሲ ውስጥ ገባሁ፤ መንገዱ ተዘጋግቷል። በመስኮት ጭሱ ይታየኛል። ረዳቱ «ምንድነው የሚነደው?» ብሎ ጠየቀ። መኪናው አልንቀሳቀስ ሲል ወርጄ ሮጥኩ።

ስደርስ መንደሩ በሙሉ ወጥቷል። ወንዶቹ እሳቱን በቅጠል ይደበድባሉ፣ ሴቶቹ አፈር ይበትናሉ። እኔም ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ አፈር በእጄ እየዘገንኩ በተንኩ። ነፋሱ ፋታ አልሰጠንም። ጥዶቹ እሳት ሲይዛቸው የሚያሰሙት መንጣጣት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ከመታመምህ በፊት ከተማሪዎችህ ጋር የተከልከውን የታችኛውን ጫካ ዓይናችን እያየ ጨረሰው። ከጅረቱ ማዶ ያለው የላይኛው ብቻ ተረፈ። ማን እንደለኮሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

እዚያ ቆሜ ያ ቀን ትዝ አለኝ። ኮሶው ሥር ተቀምጠን ምሳ ስንበላ እጄን ጨብጠህ ዝም አሰኘኸኝ። አንዲት አረንጓዴ ወፍ ከበላያችን ነበረች። ክንፏን ስትዘረጋ ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ ሆነ። «አየሻት?» አልከኝ፤ ዓይንህ እንባ ሞልቶ ነበር። ባሕር ዛፍ በነበረበት ዘመን ወደዚያ ዳገት ዝር ብላ አታውቅም ነበር። አሁን ትትረፍ አትትረፍ አላውቅም።

ከፋሲካ በኋላ መንደሩ ተሰብስቦ አስጠራኝ። ተማሪህ የነበረው ፈይሳ፣ አሁን የልጆች አባት ሆኗል፣ ተነሥቶ እንዲህ አለኝ፦ «እትዬ አስቴር፣ ጋሼን እንወዳቸው ነበር። ወፎቹንም እንወዳለን። ግን ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፣ ቤት ይሠራበታል፣ ይነድዳል። ጥዱ እስኪያድግ ልጆቼ ምን ያንድዱ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አንተ ብትሆን ሳትቆጣ አንድ በአንድ ታስረዳቸው ነበር። እኔ ምን ልበል? በኤሌክትሪክ የማበስል ሰው፣ እንጨት ተሸክሜ የማላውቅ፣ ምን አፍ አለኝ? «እናንተ እንዳላችሁ» ብዬ ተቀመጥኩ። በተቃጠለው መሬት ላይ ባሕር ዛፍ እንዲተከል ተስማሙ። የላይኛው እንዳይነካ አዴ ጫልቱ ለመኗቸው፤ ለጊዜው እሺ አሉ። አዴ ጫልቱ ሲሸኙኝ ያለቅሱ ነበር፣ እኔም ላጽናናቸው አልቻልኩም። ትናንት ፈይሳ ደውሎ ጉድጓዱን መቆፈር እንደጀመሩ ነገረኝ። ክፋት የለበትም፤ ድምፁ ራሱ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ነበር። አይዞህ አልኩት።

ጌቾ፣ ዳገቱን ላድንልህ አልቻልኩም። እንዴት እንደሚዳንም አላውቅም። ቃል የምገባልህ ይህችን ብቻ ነው፦ የላይኛው ጫካ እስካለ ድረስ ከሶስና ጋር እየወጣሁ ስምህን እዚያ እጠራለሁ። እሱም የሄደ ቀን፣ ባለሁበት ቆሜ እጠራሃለሁ።

ያንተዋ አስቴር