አክስቴ በታሮት ካርታ ላይ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 3

ቀኑን ሙሉ የአሠሪዬን የሎሬልን የታሮት ካርታ፣ ያንን የጥንቆላ ካርታዋን፣ በየሳጥኑ ስከት ዋልኩ። ቡድሃ፣ የግብፅ ዓይን፣ የሜክሲኮ አጽም፣ የእኛ የአውስትራሊያ ነባር ሰዎች፣ የቡንጃሉንጎች ንስር... ሁሉም ሥዕሉ ላይ አንድ ዋርካ ሥር ተኮልኩለዋል። ተፈጥሮን ማክበር ነው ትላለች። በላስቲክ ተጠቅልሎ! ያቅለሸልሻል።

ማታ ለአክስቴ ኔሪዳ አሳየኋት። «እናት ምድር» የሚለው ካርታ ላይ ያለችው እሷ ናት፤ አምና ሎሬል ወንዝ ዳር አስቀምጣ ሥላታለች። አክስቴ ሳቀች፣ ሳቀች...

«አፍንጫዬን አሳጠረችልኝ። መቼም ደግ ሴት ናት!»

ዓርብ፣ መጋቢት 13

አክስቴ አረፈች። ልቧ ነው አሉ።

ልጇ ታሊ ፎቶዎቹን ሁሉ ከግድግዳ አወረደች። በእኛ ወግ ሐዘኑ እስኪያበቃ የሟች ስሟ አይጠራም፣ ፊቷ አይታይም። እኔም ስሟን እዚህ አልጽፍም።

ሱቅ ያሉት ሳጥኖችስ?

ሰኞ፣ መጋቢት 16

ለሎሬል ነገርኳት። «ካርታዋን እናውጣው። ለጊዜው እንኳ።»

እጄን ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። «የኔ ቆንጆ፣ እሷ እኮ አልሞተችም። ዛፎቹ ውስጥ ገብታለች።»

የምን ዛፍ? አስከሬን ክፍል ናት!

«ታሊ ብታየውስ?»

«አንድ ከጎደለ ካርታው አይናገርም» አለች።

እጄን መንጭቄ ወጣሁ። ቤት ስገባ በሳሙና ታጠብኩት።

እሑድ፣ መጋቢት 22

የሙሉምቢምቢ ከተማ ገበያ። ሎሬል የአክስቴን ፊት በር የሚያህል ጨርቅ ላይ አሳትማ ሰቅላለች። ከሥሩ «ጥበቧን ጠይቋት» ይላል።

ታሊ ለቀብሩ አበባ ልትገዛ መጥታ ከእናቷ ጋር ፊት ለፊት... አልጮኸችም። ጃኬቷን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ መሬት ተቀመጠች።

ጨርቁን ጎትቼ ቀደድኩት። አንዱ የሲድኒ ቱሪስት ትርዒት መስሎት አጨበጨበ። ቱፍ!

ማክሰኞ፣ መጋቢት 24

ሎሬል እያለቀሰች አስጠራችኝ። ካርታውን ልታወጣው ተስማማች። እፎይ ልል ስል...

«በቦታዋ አንቺ ትቀመጪልኛለሽ። ቁርጥ እሷን ትመስያለሽ! ፀጉርሽ ላይ ትንሽ አመድ ነስነስ እናደርጋለን።»

ብላ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። እንደ በግ!

የሱቁን ቁልፍ ወርውሬላት ወጣሁ። ሥራ የለኝም እንግዲህ። ይቅር።

ማታ ታሊ ዘንድ ሄድኩ። ነገ ቀብር ነው። ካርታው እንደሚወጣ ነገርኳት፤ የቀረውን ዋጥኩት። ምን ብዬ እነግራታለሁ?

ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺንም ጠየቀችሽ?» አለች። «ትናንት ለቅሶ ልትደርስ መጥታ፣ በእናቴ ቦታ እንድቀመጥላት እኔን ነበር የጠየቀችኝ።»