ከፍየሏ ሆድ የወጣው ሰማያዊ ፌስታል

ልጄ ሲዳቲ፣ አላህ በሰው አገር ክፉ አያሳይህ፤ የረገጥከውን ሁሉ ያለምልምልህ። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን፤ ብቻ አባትህን ሳሉ አልለቀቀውም። ኑዋክሾትም ያው አሸዋዋን እንደለበሰች ናት።

ነጯ ፍየላችን የለችም። ሦስት ቀን ሆዷ ተነፍቶ አልበላ ስትል፣ ሳትሞት ብለን ሥጋ ሻጩን ቡሊልን ጠርተን አሳረድናት። ሆዷን ሲከፍተው ፌስታል በፌስታል! «እትዬ ሙኒና፣ ፍየልሽ ለካ ሱቅ ከፍታለች!» ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ አሳቀ። እኔም ስቄ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን ያ ሰማያዊው ወጣ፤ ከላስ ፓልማስ ይህን የምከናነበውን መልሐፋዬን የላክህልኝ በእሱ ነበር። እያጠብኩ ገበያ ስይዘው ኖሬ፣ ሲቀደድ የጣልኩት እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ዘንቢል ይዤ ነው የምወጣው። ሻጮቹ ግን ዓሣውንም ሽንኩርቱንም በፌስታል ቋጥረው ዘንቢሌ ውስጥ ይከቱልኛል፤ ተዉ ስላቸው ይስቁብኛል። ብጥለው ነፋሱ ለሰው ፍየል ያደርሰዋል፤ ባቃጥለው ጭሱ አባትህን ያፍነዋል። አልጋዬ ሥር አጭቄ አጭቄ፣ አሁን በተገላበጥኩ ቁጥር ይንኮሻኮሽብኛል። መግቢያ መውጫ አጣሁ ልጄ።

አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ዕቃ መላኩ ይቅርብኝ። ባዶ እጅህን ና።

እናትህ ሙኒና