ሎሚ ያንኳኳችው በር

አዳማ፣ ኅዳር ፲፫ ቀን ፲፱፻፳፫ ዓ.ም.

ይድረስ ድሬዳዋ ላለችው ልጄ ለተሻለች።

ብዕሩን የያዘው የባቡር ጣቢያው ጸሐፊ አለማየሁ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ የአባትሽ የአብተው ነው። እንዳያሳምርብኝ አስምዬዋለሁ። እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ? እኔ በአካሌ ደኅና ነኝ። ጥርሴ አልጎደለም፤ አጥሬንም የማጥረው ራሴ ነኝ።

ግን ፍርሃት ይዞኛል። ይህን ቃል ከአፌ ሰምተሽ አታውቂም። አለማየሁም ቀና ብሎ አየኝ፤ ጻፍ አልኩት።

በሬ ይንኳኳል። እከፍታለሁ፣ ሰው የለም። በጠራራ ፀሐይ ነው የምልሽ። ድሮ ኅዳር ሲታጠን፣ ሰፈሩ ጥራጊውን ሲያቃጥል፣ ያቺን ቀን ብቻ ነበር። ዘንድሮ ግን ከመስከረም ጀምሮ አለቀቀኝም። ዘመዶቻችን ጠበል ወስደው ሊያስሩኝ ሰንሰለት ተዋሱ። አብተውን በሰንሰለት።

ሰንሰለቱን ሳይ ጠቦት ጎትቼ ወደ ቁስል አሳሪው ወደ መሐመድዘይን ሄድኩ፤ መርፌ ፈልጌ። ጠቦቱን መለሰና «ይቀመጡና ይንገሩኝ፣ አባባ» አለኝ።

«ምኑን?»

«የሚያንኳኳውን።»

«ወሬ ከፈለግህ ገበያ ውጣ። እኔ የመጣሁት ለመርፌ ነው።»

«ለዚህ የሚሆን መርፌ የለኝም። ሐረር አብሬው የሠራሁት ሐኪም፣ ቁስል ሳይኖርባቸው የሚንቀጠቀጡ ሰዎችን እያስቀመጠ ያናግር ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ይምጡ። የሰማሁት ከዚህ ቤት አይወጣም።»

ሦስት ሐሙስ ስለ ዝናብና ስለ ከብት አወራሁት። ሁሉንም ሰማኝ። በአራተኛው የጎረቤታችን የመርዳሳ ነገር ነው ብዬ ጀመርኩ። በዚያ በኅዳር በሽታ ዘመን፣ መርዳሳ ሚስቱ የታመመች እህቷን አስታማ ስትመለስ በሩን ዘጋባት አልኩት። ፊቱ አልተለወጠም።

«መርዳሳ ከውስጥ ሆኖ ምን ሰማ?»

ነገርኩት።

«እጁስ የት ነበር?»

እሱንም ነገርኩት።

«እንግዲያው በሚቀጥለው ሐሙስ መርዳሳን ይዘውልኝ ይምጡ። እርስዎን ግን ምነው ላብ አጠመቀዎት?»

ከዘራዬን አነሳሁበት። ከመቀመጫው ንቅንቅ አላለም።

በአምስተኛው ሐሙስ በራሴ ስም ነገርኩት። ቀኖና ስጠኝ አልኩት። «እኔ እስላም ነኝ፤ ቀኖናውን ከንስሐ አባትዎ ይቀበሉ። እኔ ዘንድ ያለው ጆሮ ነው» አለኝ። ተናደድኩ። ስግደት ቢያዘኝ ይሻለኝ ነበር፤ ስግደት ተሰግዶ ያልቃል። እሱ ግን «ይህን መስማት የሚገባው ሌላ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። አለ። አንቺ ነሽ።

ተሻለች፣ እናትሽ ቢሾፍቱ አልሞተችም። ከሦስት ዓመት በፊት መቃብሯን አሳየኝ ስትይኝ ቢሾፍቱ ነው ብዬ በከንቱ አንከራተትኩሽ። ከዚያ ወዲያ ቤቴን አልረገጥሽም፤ አልፈርድብሽም። እናትሽ ሎሚ ከእህቷ ቤት የተመለሰችው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ እያሳለች። በሩን ዘግቼ ድንጋይ ደግፌበት ነበር። አንኳኳች። «አብተው፣ ውሃ ብቻ አውጣልኝ» አለች። አልወጣሁም። ለልጄ ብዬ ነው ብል ያምርልኝ ነበር። ለነፍሴም ፈርቻለሁ።

ያነሳት መርዳሳ ነው። ጎተራው ሥር አስተኛት፣ ውሃ አጠጣት፣ በሦስተኛው ቀን ከግራሩ ሥር ቀበራት። ለማንም አልተነፈሰም። ሰላምታ የነሳሁት ለዚህ ነው፤ አንቺ ጥጃው አጥር ስለጣሰ ይመስልሽ ነበር። ይባስ ብዬ ኃጢአቴን በእሱ ስም ነገርኩ።

ትናንት ሰፈሩ በጭስ ሲሞላ በሩ ተንኳኳ። ወጣሁና ወደ መርዳሳ አጥር ሄድኩ። «አሥራ ሁለት ዓመት መንገዱ ጠፍቶህ ነው?» አለኝ። ከተቀመጠበት ግንድ ላይ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ሰጠኝ። መቃብሯን አሳየኝ። በየክረምቱ ድንጋዩን እያቃና ኖሯል።

አሁን የቀረኝ አንድ ፍርሃት ነው። ያን ቀን ሰባት ዓመትሽ ነበር፤ ጭኔ ላይ ተኝተሻል። ሁለቱን ጆሮሽን በመዳፌ ይዤ ነበር። ዐይንሽን ግን ለማየት አልደፈርኩም። ነቅተሽ ነበር? አስጽፈሽ ላኪልኝ። አዎ ቢሆንም ላኪው።

የእናትሽ አምላክ ቤትሽን ያሙቀው፣ ማህፀንሽን ይባርከው። ለመምጣት ልብሽ ከፈቀደ ግን አታንኳኪ። በሩ ክፍት ነው፤ ድንጋዩን አሽቀንጥሬ ጥዬዋለሁ። ከሐዲዱ ጀምረሽ ስሜን እየጠራሽ ነይ።

አባትሽ አብተው፤ የአውራ ጣቴ ምልክት ከታች አለ።

አለማየሁ፣ አሁን መልሰህ አንብብልኝ። በሩ ያለበት ላይ ስትደርስ ድምፅህን ከፍ አድርገው። ጆሮዬን አልይዝም።