የአንደኛው ደጋፊ የአበባ ጉንጉን

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ አቶ ሼም ኦሙጋ አልሞቱም። የቡድናችን ባለቤት የሆነው የቁማር ድርጅት ረቡዕ ዕለት «ለአንደኛ ደጋፊያችን ለሼም ኦሙጋ፤ ነፍስ ይማር» የሚል ብርቱካንማ የአበባ ጉንጉን በስሕተት ስለላከ ብዙ ሰው ተደናግሯል። ከአሴምቦ እያለቀሱ የመጡ አክስት ከኦሙጋ ጋር በር ላይ ፊት ለፊት ተገጣጥመው ሊወድቁ ነበር። ኦሙጋ ይኸው ከፊት ተቀምጠዋል። ዛሬ የምንሸኘው የእህታቸውን ባል፣ አቶ ኤልካና ኦጉቱን ነው።

አቶ ኤልካና ከአባታቸው ከአቶ ኦጉቱ ዋሶንጋና ከእናታቸው ከወ/ሮ አዊኖ ኦቡራ እ.ኤ.አ. በ1951 በኪሱሙ፣ ሐይቁ ዳር ባለችው በዱንጋ ተወለዱ። ሰባተኛ ክፍል እንደጨረሱ አባታቸው መጥረቢያ አስጨበጧቸውና የጀልባ አናጢ ሆኑ። የሠሯቸው ጀልባዎች ዛሬም ዓሣ ያወጣሉ። የመንደራችን የእግር ኳስ ቡድን የንጌጌ ቀለም አረንጓዴ ነውና አረንጓዴ ያልቀቡት ጀልባ የለም። የባቡር ሰፈሩ ተቀናቃኝ ቡድን የምቡታ ደጋፊ እንኳ ጀልባ ሊያሠራ ሲመጣ ቀለሙን እያየ በሆዱ ይረግም ነበር እንጂ ሌላ አናጢ አልፈለገም።

በ1976 ወ/ሮ ሚልካ አኬሎን አገቡ። ለጥሎሽ ከነዷቸው ከብቶች አንዱ ቀንደ ረጅም ቀይ በሬ ነበር። በሬው በሙሽራዋ ቤት ሲታረድ አንዱን ቀንድ ኤልካና፣ ሁለተኛውን የሙሽራዋ ወንድም ኦሙጋ ወሰዱና መለከት አበጁበት። በዚያው ዓመት ንጌጌ ምቡታን ሲገጥም ሁለቱም ነፉ። ማን ቀድሞ እንደነፋ እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። በእኛ ዘንድ አማች ከአማቹ ጋር ፊት ለፊት አይጣላም፤ ስለዚህ ኤልካና ያሳደጉትን ውሻ ሁሉ «ማን ጀመረው» አሉት። ኦሙጋ ጎረቤት ናቸውና ማታ በአጥሩ በኩል «ማን ጀመረው፣ ና ወዲህ፤ ከሰው በር ላይ ምን ትሠራለህ» ሲሉ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ኦሙጋም ከወዲያ ዶሮአቸውን «እሽ፣ እንቁላል የለሽ፤ ጩኸት ብቻ» ይላሉ።

በ2014 የቁማር ድርጅቱ ቡድኑን ገዛ። መለያው ብርቱካንማ ሆነ፤ ሜዳው ታጠረ። አንድ ሰው «አንደኛ ደጋፊ» ተብሎ ጥላ ሥር ወንበር እንዲሰጠው፣ ቀንድ ይዞ የሚገባውም እርሱ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። በቅድሚያ የተጠየቁት ኤልካና ነበሩ። ሸሚዙን አገላብጠው አዩና «ንጌጌ ዓሣ ነው እንጂ ፍራፍሬ አይደለም» ብለው መለሱት። በማግስቱ ኦሙጋ ለበሱት።

እምቢ ያሉትን ሌላ ሲያነሣው ያንገበግባል። የኦሙጋ ፎቶ መናኸሪያው ላይ ቤት በሚያህል ሰሌዳ ሲሰቀል ኤልካና ወደ ሥራ የሚሄዱበትን መንገድ በረግረጉ በኩል አዞሩት። ለጠየቃቸው «ለጉልበቴ ይስማማል» ይላሉ፤ ጉልበታቸውን የምናውቅ እንስቃለን። በጨዋታ ቀን ከአጥሩ ውጭ፣ ከዘይቱን ዛፍ ሥር፣ የነተበ አረንጓዴ ሸሚዛቸውን ለብሰው ይቆማሉ። ኦሙጋ ቀንዳቸውን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ በአጥሩ ቀዳዳ ያዩና ቀድመው ይነፋሉ። ቲኬት የገዛ ኦሙጋን፣ ያልገዛ ኤልካናን ይሰማ ነበር። ወ/ሮ ሚልካ ለሁለቱም ምግብ ሲያቀርቡ «ሌላ ሴት ይዞ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እሷ እንኳ ታረጃለች» ይሉ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሳንባቸው ታመመና ሐኪም ቀንዱን ከለከላቸው። ሆስፒታል ሲተኙ ኦሙጋ ሊጠይቋቸው ሄዱ። ኤልካና፣ «ወንበሩ ይመቻል?» አሉ።

«ወገብ ያማል» አሉ ኦሙጋ።

ያን ሌሊት ኤልካና ደኅና እንቅልፍ ተኙ ይላሉ ሚልካ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 2023 በሰባ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ሚስታቸው ወ/ሮ ሚልካ፣ ልጆቻቸው ዳን እና አጎላ፣ የልጅ ልጆቻቸውና «ማን ጀመረው» በሐዘን ላይ ናቸው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን አጥር በሌለበት፣ ቲኬት በማይጠየቅበት ስፍራ ያሳርፍልን።

ጉንጉኑን በተመለከተ፤ ወ/ሮ ሚልካ ወንድማቸውን ለብቻ ጠርተው፣ ከጥብጣቡ ላይ የእሳቸው ስም ተቆርጦ «ለአንደኛ ደጋፊያችን» የሚለው ብቻ መቃብሩ ላይ ይቀመጥ እንደሆነ ጠየቋቸው። ኦሙጋ ጉንጉኑን ዞር ዞር ብለው ሲያዩ ቆዩ። ከኪሳቸው ሴንጢ አውጥተው የገዛ ስማቸውን ቆረጡና፣

«ለቀብሩ ይሁን» አሉ። «እሑድ ግን ጨዋታ አለ።»